ንግድ ባንክ ሲያሸንፍ ማን ይከስራል?

ካምፓስ እያለሁ ለዲፓርትመንታችን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ተጫውቻለሁ። «ተጫውቻለሁ» ስል ትንሽ እያጋነንኩ ነው። ስድስት ልጆች ነበርን። ከስድስታችን ኳስ እያነጠሩ መሮጥ የሚችሉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እኔ ከሁለቱ አንዷ አልነበርኩም። የመጀመሪያ ጨዋታችንን 48 ለ 6 ተሸነፍን። ስድስቷን ነጥብ እነማን እንዳስቆጠሩ ዛሬም ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ እንከራከራለን።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ልጆች ቀሩብን፤ ቡድኑ በዚያው ፈረሰ። ሌላ ዲፓርትመንትም ውጤታችንን ሰምቶ ቀረ። ያሸነፉን ልጆች ቀጣዩን ጨዋታ በፎርፌ አለፉ፣ የሚቀጥለውንም በፎርፌ። ዋንጫውን ወሰዱ። አንዷ የዶርም ጎረቤቴ ነበረችና እንኳን ደስ አለሽ ስላት ፊቷን አጨማደደችው። «የምን ደስታ? ዘንድሮ የተጫወትነው እኮ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው» አለችኝ።

ይሄን ነገር ረስቼው ነበር። ያስታወሰችኝ የአዳዳ ልጅ ናት። (እኛ ቤት የአባት እህት «አዳዳ» ነው የምትባለው፤ መቱ ያደገ ያውቀዋል።) ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። በግራ እግሯ ትጫወታለች፣ ፈጣን ናት፣ የኢሉባቦር ዝናብ ሜዳውን ጭቃ ሲያደርገው ከወንዶቹ ጋር እየተንሸራተተች ነው ያደገችው። የመቱን ክረምት የማያውቅ ሰው «ዝናብ ነው እንግዲህ፣ ያባራል» ሊል ይችላል። እዚህ ዝናብ አያባራም፤ ትንሽ ያርፍና ይመለሳል።

ባለፈው አመሻሹ ላይ ደወለችልኝ። ሁለት ክለቦች ፈልገዋታል። አንዱ አዲስ አበባ ያለ ትልቅ ክለብ ነው፤ ደሞዙ በየወሩ በቀኑ ይገባል፤ ግን በእሷ ቦታ ላይ ሁለት የብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች አሉ። ሌላው የአንድ የክልል ከተማ ክለብ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቋሚ ትሆናለች፤ ደሞዙ ግን የሚከፈለው ሲገኝ ነው። ስማቸውን አልጠራም፣ ልጅቷ ገና ልትጫወት ነው። «አንቺ ኢኮኖሚክስ ተምረሽ የለ? በይ አስይልኝ» አለችኝ።

ሰው ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁ ሲል ወይ የዶላር ምንዛሪ ይጠየቃል ወይ ሥራ እንዳገኘ ይጠየቃል። ይህን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሁለት ሌሊት ሙሉ ዳታዬን ጨርሼ ያገኘሁትን ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ ስለ ሊጉ። የሴቶች ፕሪሚየር ሊግን የሚከታተል ሰው የሚያውቀው እውነት አለ፤ ዋንጫው ወደ ንግድ ባንክ ይሄዳል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2013፣ በ2014፣ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም አራት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን ሆኗል። በ2011 ያሸነፈው አዳማ ከተማ ነበር። የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ተቋረጠ። ከዚያ በፊት ደግሞ ሁሉም የሚፈራው ደደቢትን ነበር። የሎዛ አበራን መንገድ ብቻ ብትከተሉ ገንዘቡና ጉልበቱ በየዘመኑ የት እንደነበረ ይነግራችኋል፤ ከዱራሜ ተነስታ ሐዋሳ፣ ከሐዋሳ ደደቢት፣ ከዚያ አዳማ፣ ከዚያ ማልታ ሄዳ ከቢርኪርካራ ጋር ሊግ በላች፤ ስትመለስ ንግድ ባንክ።

ይህን አይቼ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ የመማሪያ መጽሐፉ ሐሳብ ነው፤ ሞኖፖሊ መጥፎ ነው፣ አለቀ። ለአዳዳ ልጅም «ትንሹ ክለብ ግቢ» ልላት ነበር። ትንሽ ቆይቼ ሳስበው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

ስፖርት እንደ ሌላ ንግድ አይደለም። መቱ ገበያ ላይ አንድ የቡና ነጋዴ ተፎካካሪዎቹን ሁሉ ቢያባርር በማግሥቱ እየሳቀ ነው የሚነቃው፤ ገበሬው ቡናውን ለእሱ ብቻ ይሸጣል፣ ዋጋውን እሱ ይቆርጣል። የእግር ኳስ ክለብ ተፎካካሪዎቹን ሁሉ ቢያጠፋ ግን ቅዳሜ የሚጫወተው ከማን ጋር ነው? ዋልተር ኒል የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት ይህን እ.ኤ.አ. በ1964 ጽፎታል። ምሳሌው ቦክሰኛው ጆ ሉዊስ ነው። ጆ ሉዊስ ሀብታም የሚሆነው ደካማ ተጋጣሚ ሲያገኝ ሳይሆን እንደ ማክስ ሽሜሊንግ ያለ ሊጥለው የሚችል ሰው ሲኖር ነው። ከእሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1956 ሳይመን ሮተንበርግ የቤዝቦል ተጫዋቾችን የሥራ ገበያ ሲያጠና ተመልካች የሚገዛው ዕቃ «ማን እንደሚያሸንፍ አለማወቅ» መሆኑን አስቀምጦ ነበር። የዶርም ጎረቤቴ ሁለቱንም ሳታነብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግራኛለች።

እሺ፣ እንለካው። የገበያ ኃይል በጥቂቶች እጅ መከማቸቱን ለመለካት የምንማረው መለኪያ አለ፤ ሄርፊንዳል-ሂርሽማን ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ስሌቱ የሰባተኛ ክፍል ነው። የእያንዳንዱን ድርሻ በራሱ ታባዙና ትደምራላችሁ። ሁሉንም ዋንጫ አንድ ክለብ ከወሰደ ውጤቱ 1 ይሆናል፤ ዋንጫው በብዙ እጆች ሲበተን ወደ ዜሮ ይወርዳል።

የሴቶቹ ሊግ ከ2011 እስከ 2016፤ የተቋረጠውን ዓመት ስንተው አምስት ዋንጫ፣ ሁለት ክለብ፣ አራት ለአንድ። ውጤቱ 0.68።

ለንጽጽር የወንዶቹን ወሰድኩ። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር፣ በ2011 መቐለ 70 እንደርታ፣ በ2013 ፋሲል ከነማ፣ በ2014 እና በ2015 ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በ2016 የወንዶቹ ንግድ ባንክ፣ በ2017 ኢትዮጵያ መድን። ሰባት ዋንጫ፣ ስድስት ክለብ። ውጤቱ 0.18። «ይኸው! የወንዶቹ ጤነኛ፣ የሴቶቹ በሽተኛ» ብዬ ልዘጋው ነበር።

ግን ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ለእኛ ቅርቡን ጅማ አባ ጅፋርን ተመልከቱት። ከታችኛው ሊግ ባደገበት ዓመት ሻምፒዮን ሆነ፤ የጅማ መንገድ ላይ የነበረው ጭፈራ እኛ ጋ መቱ ድረስ የተሰማ ነበር የሚመስለኝ። በ2014 ዓ.ም ወረደ። መቐለን ጦርነቱ ከሊጉ አስወጣው። ስለዚህ ያ 0.18 ሁሉ ነገሩ ፉክክር አይደለም፤ ከፊሉ የሚፈርሱ ክለቦች አቧራ ነው። ዋንጫው ብዙ እጅ የነካው አንዳንዶቹ እጆች ይዘው መቆየት ስላልቻሉ ጭምር ነው። አንድ ቁጥር ሁለት ተቃራኒ ታሪክ ሊደብቅ ይችላል፤ የእስታቲስቲክስ መምህራችን ይህን ደጋግመው ሲነግሩን እኔ የምተኛው ከኋላ ወንበር ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የአሜሪካኖቹ የኮሌጅ ሴቶች ቅርጫት ኳስ የጠቀመኝ። ቲክቶክ ላይ የምታዩትን የኬትሊን ክላርክ ሦስት ነጥብ ብቻ ማለቴ አይደለም። እዚያም እንደኛው አንድ ቡድን ሁሉንም ይበላ ነበር፤ ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭሩ ዩኮን። ከእነሱ በፊት ደግሞ የቴነሲዋ ፓት ሰሚት ነበሩ፤ ስምንት ዋንጫ ወስደዋል።

የዩኮን የበላይነት ለማመን ይከብዳል። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2016 አራት ዋንጫ በተከታታይ። ከኅዳር 2014 ጀምሮ 111 ጨዋታ ሳይሸነፉ ሄዱ። አንድ መቶ አሥራ አንድ! የ2016ቱን ፍጻሜ 82 ለ 51 አሸንፈው ወጡ። በዚያን ሰሞን «ዩኮን ጨዋታውን እየገደለው ነው» የሚል ክርክር ተነሣ። አሰልጣኙ ጂኖ ኦሪየማ የመለሱት በጎልፈኛው ታይገር ውድስ ነበር፤ ታይገር ሁሉንም ሲያሸንፍ ጎልፍን ጎዳው ያለ ሰው የለም፣ ሌሎቹ እሱን ለመድረስ ተሻሻሉ እንጂ፣ አሉ። እኔ ያኔ ብሆን ኖሮ ሰውዬው ለራሳቸው ጥብቅና ቆመዋል እል ነበር።

በ2017 መጋቢት መጨረሻ ላይ ሚሲሲፒ ስቴት በጭማሪ ሰዓት፣ በመጨረሻዋ ሰከንድ፣ 66 ለ 64 አሸነፋቸው። ኳሷን ያስገባችው ሞርጋን ዊልያም ከሜዳው አጫጭሮች አንዷ ናት። ዩኮን ቀጣዩን ዋንጫ ለማግኘት እስከ 2025 ጠበቀ።

አሁን ስሌቱን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2016 ስምንት ዋንጫ ነበር፤ ስድስቱን ዩኮን ወሰደ። 0.59፣ የእኛን የሴቶች ሊግ ሊያክል ምንም አልቀረው። ከ2017 እስከ 2025 ደግሞ፣ በኮሮና የቀረውን ስንተው፣ እንደገና ስምንት ዋንጫ። ሳውዝ ካሮላይና ሦስት፣ ኖትርዳም፣ ቤይለር፣ ስታንፎርድ፣ ሉዊዚያና ስቴት እና ራሱ ዩኮን አንድ አንድ። 0.22። እና ልብ በሉ፤ ዩኮን አልፈረሰም። አልደኸየም። ሌሎቹ ናቸው የደረሱበት።

እንዴት ደረሱበት? መልሱ ከላይ ሳይሆን ከታች ነው የጀመረው። በ1972 አሜሪካ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት በጾታ እንዳያዳላ የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ ታይትል ናይን ይሉታል። በዚያ ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት የሚሳተፉ ሴት ልጆች 300 ሺህ አይሞሉም ነበር። ዛሬ ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሴቶች ቅርጫት ኳስ መስጠት የሚችለው ነጻ የትምህርት ዕድል ደግሞ ለረጅም ጊዜ በ15 ተጫዋች ተወስኖ ቆይቷል። እንግዲህ አስቡት፤ ጎበዝ ልጆች 200 ብቻ ከሆኑ አንድ ሀብታም ቡድን ጥሩዎቹን 15 ሲወስድ ለሌላው ፍርፋሪ ነው የሚተርፈው። ጎበዞቹ 2,000 ከሆኑስ? ዩኮን አሁንም 15 ብቻ ነው የሚወስደው። የተረፈው ሕዝብ ሌላውን ሁሉ ቡድን ያጠነክራል። ኋላ በ2021 ተጫዋቾች አንድ ጊዜ ዓመት ሳይቀጡ ዩኒቨርሲቲ እንዲቀይሩ ተፈቀደ፣ በስማቸውና በፎቷቸው ገንዘብ እንዲያገኙም ተፈቀደ፤ ብተናው ፈጠነ።

ነገሩ ሁሉ ፍትሕ ነበር ማለቴ አይደለም። በዚያው በ2021 ውድድር ላይ ሴዶና ፕሪንስ የምትባል ተጫዋች ለሴቶቹ የተዘጋጀውን የጂም ዕቃ በስልኳ ቀርጻ ለቀቀችው። አንድ ማማ ሙሉ ትንንሽ ክብደቶች ብቻ ነበር፤ የወንዶቹ ግን አዳራሽ ሙሉ። ቪዲዮው ዓለምን አዳረሰ፤ አዘጋጆቹም በጥድፊያ አስተካከሉ። ያን ቪዲዮ ሳይ ትዝ ያለኝ የሴቶች ልምምድ ሁልጊዜ ወንዶቹ «ሲጨርሱ» የሚጀመርበት ሜዳ ነው። የት እንዳለ አልነግራችሁም፤ እናንተም አንድ ሳታውቁ አትቀሩም።

ከሁሉ ይበልጥ ግን የክላርክ ታሪክ ለአዳዳ ልጅ የተጻፈ መሰለኝ። ልጅቷ ያደገችው በአዮዋ ግዛት ዴሞይን አካባቢ ነው። የመረጠችው ታላላቆቹን ዋንጫ ሰብሳቢዎች ሳይሆን ከቤቷ የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ የሚርቀውን የግዛቷን ዩኒቨርሲቲ ነው። አዮዋ ከ1993 ወዲህ ወደ መጨረሻዎቹ አራት ደርሶ አያውቅም ነበር። እሷ ሁለት ዓመት በተከታታይ ለፍጻሜ አደረሰችው። በ2023 ግማሽ ፍጻሜ አንድም ጨዋታ ያልተሸነፈውን ሳውዝ ካሮላይናን 77 ለ 73 አሰናበቱት። በ2024 ፍጻሜ እንደገና ተገናኙና ሳውዝ ካሮላይና 87 ለ 75 አሸነፈ፤ ዓመቱን 38 ጨዋታ፣ 38 ድል አድርጎ ጨረሰ። ያን ጨዋታ ወደ 19 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በቴሌቪዥን አየው። የዚያ ዓመት የወንዶቹ ፍጻሜ 15 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ሰው የጎረፈው ያልተሸነፈ ቡድን ሲጫወት ነው! ስለዚህ ኃያል ቡድን መኖሩ ራሱ ችግር አልነበረም። «ዛሬ ሊጥሉት ይችላሉ» የሚያስብል ተጋጣሚ ነው ሰዉን የጠራው። ኦሪየማ ግማሹን እውነት ተናግረው ነበር።

ወደ እኛ እንመለስ። የንግድ ባንክን ሌላ ገጽ ያየሁት ከአገር ውጪ ሲወጣ ነው። የአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ በ2021 ሲጀመር የምሥራቅ አፍሪካ ማጣሪያ ናይሮቢ ላይ ተደረገ፤ ንግድ ባንክ ፍጻሜ ደርሶ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በ2022 የታንዛኒያው ሲምባ ኩዊንስ አለፈ። በ2023 ካምፓላ ላይ ንግድ ባንክ እንደገና ፍጻሜ ደርሶ በጄኬቲ ኩዊንስ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈ። በ2024 እዚሁ አዲስ አበባ፣ አበበ ቢቂላ ስታዲየም፣ የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ 1 ለ 0 አሸንፎ ሞሮኮ ገባ። ያን ቀን እኔ ቡና ቤት ውስጥ በስልኬ እያየሁ ነበር፤ አጠገቤ የነበሩት ሰውዬ «የማን ጨዋታ ነው?» ብለው «የሴቶች» ስላቸው ፊታቸውን አዙረው፣ ጎሏ ስትገባ ግን ከእኔ በላይ ጮኹ።

አራት ዓመት፣ አራት የተለያየ አሸናፊ። የንግድ ባንክ የሀገር ቤት ግርማ ናይሮቢና ካምፓላ ላይ እኩል ለእኩል ፉክክር ሆነ። ሞሮኮ ደግሞ ከምድብ አላለፉም፤ ዋንጫውን የኮንጎው ማዜምቤ ወሰደ። ለረጅም ዓመታት ቡድኑን የያዘው አሰልጣኝ ብርሃኑ ግዛው ተጫዋቾቹን በሀገር ውስጥ የሚፈትንበት ጨዋታ በዓመት ስንት አለው? ይህን ጥያቄ የጠየቅኩት ክለቡን ለመውቀስ አይደለም። ንግድ ባንክ ሌሎች የረሱትን ነው የሠራው፤ ለሴት ተጫዋች በሥርዓት ከፈለ፣ አሰልጣኝ ሳይለዋውጥ ቆየ። የሉሲዎቹ ጀርባም ብዙ ጊዜ እዚያው ክለብ ላይ ነው የሚደገፈው። ብሔራዊ ቡድናችን በ2004 የአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ወጥቶ ነበር፤ ከ2012 በኋላ ግን ወደዚያ ውድድር አልተመለሰም። አንድ ክለብ ብቻውን ብሔራዊ ቡድን አይሸከምም።

ሌላ ያልተነገረ ነገር አለ፤ የሴቶቹ ሊግ ብዙውን ጊዜ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስቦ ነው የሚካሄደው። ወጪ ይቀንሳል፣ እሺ። ግን ክለቡ በራሱ ከተማ፣ በራሱ ሕዝብ ፊት ካልተጫወተ ትኬት ለማን ይሸጣል? የከተማው ነጋዴስ ያላየውን ቡድን ለምን ይረዳል? የክለቡ ዕጣ ከከተማ አስተዳደሩ በጀት ጋር ይታሰራል፤ በጀቱ ሲያልቅ ደሞዙም አብሮ ያልቃል። ባንክ ግን በጀት አያልቅበትም። ልዩነቱ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ሜዳ ላይ የምናየው ውጤቱን ነው።

ቅናቴን ልንገራችሁ? በዚህ ሊግ ውስጥ ጌዴኦ ዲላ እና ይርጋ ጨፌ ቡና የሚባሉ ስሞች ታያላችሁ። የቡና አገር ልጆች ናቸው፣ እንደኛው። እኛም ቡና አለን። የያዩ ጫካ ቡና በዩኔስኮ ከተመዘገበ ከ2010 (እንደ አውሮፓውያኑ) ጀምሮ ስንኮራበት ኖረናል። የሶር ፏፏቴን ለእንግዳ ማሳየት እንወዳለን፤ ስለ በደሌ ቢራም እናወራለን። ስለ ሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ሲወራ ግን የመቱን፣ የጎሬን፣ የበደሌን ስም የሚያነሳ አላጋጠመኝም። ልጆቹ ሳይኖሩ ቀርተው አይደለም፤ አንዷ ይኸው ስልክ ደውላልኛለች።

ካፍ ከ2022 ጀምሮ በወንዶች የአህጉር ውድድር የሚሳተፍ ክለብ ሁሉ የሴቶች ቡድን እንዲኖረው ግዴታ አድርጓል። ጥሩ ነው። ግን ይህ ከላይ የመጣ ግዴታ ነው፤ ክለብ ማኅተም ለማግኘት ብቻ ሃያ ልጅ ሰብስቦ ሊመዘግብ ይችላል። የአሜሪካኑ ሕግ የነካው ትምህርት ቤቱን ነው። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብባል ለአንድ ተጨማሪ የአዲስ አበባ ክለብ ከሚወጣው ገንዘብ ይልቅ ለኢሉባቦር ትምህርት ቤቶች ሃያ ኳስና አንድ ውኃ የማይቋጥር ሜዳ እመርጣለሁ። ሃያው ኳስ በአንድ ክረምት እንደሚቀደድም አውቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን ለአዳዳ ልጅ ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሄርፊንዳልን ዘለልኩት። የክላርክን ታሪክ ግን በደንብ አሳምሬ ተረክሁላት፤ ቤቷ አጠገብ ያለውን መረጠች፣ ቋሚ ሆነች፣ ኃያሉን ጣለች። ዝም ብላ ሰማችኝና፣

«ክላርክ ደሞዝ ሦስት ወር ቀርቶባት ያውቃል?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ያ ነው ያመለጠኝ። መጽሐፉ ላይ የተጫዋች ጊዜ ዋጋ አለው፣ የሜዳ ልምድ ዋጋ አለው፤ የቤት ኪራይ ግን ልምድን አይቀበልም። ከዚያ እሷው መላ አመጣች። «ትልቁ ክለብ ፈርመው በውሰት ለትንሹ ቢሰጡኝስ? ደሞዙን እነሱ ይከፍላሉ፣ እኔ እዚያ እጫወታለሁ፣ ስጠነክር ይወስዱኛል። ወንዶቹ እንግሊዝ አገር እንደሱ ያደርጉ የለ?» ስልኬን ከጆሮዬ ላይ አንሥቼ አየሁት። አራት ዓመት የተማርኩት እኔ ነኝ።

ትልቁ ክለብ ያሉት ሰው «እናስብበት» አሉ። ከዚያ ስልክ አያነሡም። ቀኑ ሲገፋ ትንሹ ክለብ «ነገ ካልመጣሽ ሌላ እናስመጣለን» አሉ።

አዳዳ አልወደደችውም። «ልጄ፣ ሰው ደሞዝ የሌለው ሥራ ውስጥ ገብቶ ሥራ አለኝ ይላል?» እያለች፣ ግን ቆሎውን እየቆላች ነበር። ቡናም በፌስታል ቋጠረችላት፤ ለአሰልጣኙ መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፍኩላት፤ ውሉን ሳታነብ እንዳትፈርም፣ ቅጂውን ፎቶ አንሥታ እንድትልክልኝ፣ ደሞዝ ሁለት ወር ካለፈ ዝም እንዳትል። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ስንደርስ ዝናቡ ጀመረ። አውቶብሱ ላይ ሆና በመስኮቱ እጇን አወጣች፤ አዳዳ የልጇን እጅ ሳይሆን መስኮቱን ይዛ ነበር የቆመችው።

ትናንት ማታ ደወለች።

«ተሸነፍን።»

«ከማን ጋር? ስንት?»

«ከንግድ ባንክ። 2 ለ 1። እስከ ሰማንያ ደቂቃ እኩል ነበርን። ተከላካያቸው ሁለት ጊዜ ማልያዬን ጎተተችኝ፣ አንዱን ዳኛው አላየም። ዘጠናውንም ደቂቃ ገባሁ።» ትንፋሿ ገና አልተመለሰም፣ ጨዋታው ግን ካለቀ አራት ሰዓት ሆኖት ነበር።

«ደሞዝስ?»

«እሱን ተይው አሁን። ዳታ ሙይልኝ፤ ጎሏን ቀርጸዋታል፣ ልልክልሽ።»

በቴሌብር የ50 ብር ጥቅል ላኩላት። ቪዲዮው እስካሁን አልደረሰኝም፤ መቱ ኔትወርኩ ከዝናቡ ጋር ነው የሚሄደው።